ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ዘለቀ ሆኖ ቀረ

ስልኩ የጮኸው ረቡዕ ቀትር ላይ ነው። የእጅ ስልኬን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ከፋሲካ ማግስት አስኮ ታክሲ ተራ ላይ አንዱ ቀልጣፋ እጅ ወስዶልኛል፣ ይባርክለት። የቤቱን ስልክ ማለቴ ነው፤ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ የተቀመጠውን። የድሮው ጥቁሩ፣ ጣት አስገብተው የሚያሽከረክሩት፣ ተበላሽቶ በግራጫ ተተክቷል፤ ዳንቴሉ ግን ያው የመጀመሪያው ነው። ልጄ ሰናይት “እማ፣ ይኼን ነገር ለምን አታስቆርጪውም? ማንም አይደውልበትም እኮ” ስትለኝ ዓመታት አለፉ። እውነቷን ነው፣ ማንም አይደውልበትም። ቢጮህም ወይ የተሳሳተ ሰው ነው፣ ወይ ሂሳብ ክፈሉ የሚል የቴፕ ድምፅ ነው። እኔ ግን አላስቆረጥኩትም። ለምን እንደሆነ ለሰናይት ነግሬያት አላውቅም፤ የዛሬ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሩት ይስቃል።

በቁጣ ነው ያነሣሁት። ከወዲያ በኩል ንፋስ የሚመስል ነገር ብቻ ይሰማል። ልዘጋው ስል አንድ የጎለመሰ የወንድ ድምፅ “እትዬ ዘነቡ ነዎት?” አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ የድሮ ጎረቤቶቼ ብቻ ናቸው እትዬ ዘነቡ የሚሉኝ። “ነኝ፤ ማን ልበል?” አልኩት። “ቶላ ነኝ፣ የድንቂቱ ልጅ። እናቴ አለች?” ልክ እንደ ድሮው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደውል እንደሚጠይቀኝ አድርጎ ነው የጠየቀኝ። ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። “አለች” አልኩት። “ሱሉልታ ናት፣ እህትህ ዘንድ። በሕይወት አለች።”  ጅቡቲ እንደሆነ፣ ወደ አገር የሚመለስበት ወረቀት እንደሌለው፣ ስልኩ የሌላ ሾፌር እንደሆነ፣ ቁጥሩን በድሮው ስንት ጊዜ ሞክሮ እምቢ እንዳለው፣ ፊቱ ላይ ቁጥር እንደተጨመረበት የነገረው ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የመጣ ሰው እንደሆነ አከታትሎ ነገረኝ። “እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልደውል። እዚያው ላገኛት እችላለሁ?” አለኝ። “ታገኛታለህ” አልኩት። የምትደውልበትን ቁጥር ስጠኝ ልለው አፌን ስከፍት ተቋረጠ። እንግዲህ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ድንቂቱን እዚህ ወንበር ላይ ካላስቀመጥኩ፣ ያ ልጅ ተመልሶ ይደውል አይደውል የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው።

ይኼን ለመረዳት ስልኩ በገባበት ዘመን የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ሰፈራችን ቡራዩ እንዲህ አልነበረችም። አሁን ከአስፋልቱ እስከ ጋራው ብሎኬት ነው፣ ብረት ብየዳ ነው፣ አዲስ ፎቅ ነው፤ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ በክርን መጋፋት ነው። ያኔ የአምቦው መንገድ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍና ማሳ ነበር። ውይይት ታክሲ ከአስኮ በስሙኒ ታመጣናለች፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነው፣ አንድ ሽልንግ የያዘ ልጅ ሱቅ በር ላይ ሆኖ የሚመርጠው ይጠፋዋል። ባለቤቴ ኃይሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ያስገባለት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሽቦው ሲዘረጋ ቆሞ አየ። ኃይሉ ቴትሮን ሱሪውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ፣ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ደግኖ ፎቶ ተነሣ። ማንም ከወዲያ በኩል አልነበረም፤ እሱ ግን በፎቶው ላይ ከሚኒስትር ጋር የሚነጋገር ነው የሚመስለው።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ የኛ መሆኑ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ቁጥራችንን ለዘመድ አደለው፤ ለወለጋ፣ ለጎጃም፣ ለናዝሬት። ስልክ አላችሁ ወይ ሲባሉ አዎ አለን ነው መልሳቸው፣ ከዚህ እዚያ ማዶ ሠላሳ ክንድ የማይሞላ ነው እኮ እያሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለኛ ሰፈር በስልክ ተፈጸመ። የኔ ሥራ ማንሣትና “ቆይ፣ ልጥራት” ማለት ነበር። መነጋገሪያውን ዳንቴሉ ላይ አጋድሜ አጥር ድረስ እወጣና እጮሃለሁ። በላይነሽ፣ ያቺ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው፣ ክሩን በከንፈሯ ነክሳ ትሮጣለች። ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ቤት አልገባም ይላል። ከሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የማይቀመጥ፣ ሠርግም ለቅሶም ቢጠሩት ከበር የሚመለስ ሰው ነበር። ለእሱ መነጋገሪያውን በመስኮት አውጥቼ ነው የማቀብለው፤ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በአጭሩ ተነጋግሮ፣ ያለ ምስጋና ይሄዳል። ሰው ሲያወራ እኔ ከቤት እወጣ ነበር። የሰው ምስጢር በጆሮዬ አይግባ ብዬ ጓሮ ቆሜ ጎመን እቀነጥሳለሁ፤ ጎመኑ ያለቀ ቀን እንኳ ግንዱን እየነካካሁ እቆያለሁ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰው ትዳሩን በሞባይል ሲያፈርስ እስከ አስኮ እየሰማሁ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ግን የድንቂቱ ቀን ነበር። ልጇ ቶላ ረዳት ሆኖ ከአንድ ጭነት መኪና ጋር አሰብ ይመላለስ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ሙዚቃ ሲያበቃ ይደውላል። ድንቂቱ ከምሳ ጀምራ ትመጣለች። እግሯን ታጥባ፣ ቀይ ኮንጎ ጫማዋን አድርጋ፣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ስልኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሬዲዮው ሲዘፍን ቀስ እያለች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ግማሹን አማርኛ አታውቀውም ነበር፣ በኦሮምኛ ነው የምትሞላው። ሲጮህ ደግሞ እጇ አጠገቡ እያለ አታነሣውም። “አንቺ አንሺው፣ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ” ትለኛለች። አነሣለሁ፣ “እናቴ አለች?” ይለኛል፣ አለች እለዋለሁ፣ እሰጣታለሁ፣ እወጣለሁ። በመጨረሻው ቅዳሜ “ለቅዳሜ እደውላለሁ” ብሏት ዘጋ። ከዚያ ጊዜው ከፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወደዚያ ያለው መስመር ሁሉ ተቆረጠ። እሷ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። በሚቀጥለውም። ሬዲዮ ጣቢያው ያን ፕሮግራም ትቶ ሌላ ጀመረ፣ እሷ አልተወችም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሲመሽ “በይ ደህና እደሪ” ብላኝ ትወጣለች። አንድ ቀን እንኳ ስላልጮኸው ስልክ አውርተን አናውቅም።

ኋላ መሬቷ ወደ ሰው ሄደ፣ ቤቷ ፈረሰ፣ ሴት ልጇ ሱሉልታ ስላገባች እዚያ ልትጠጋ ሆነ። ሌሎቹም እንዲሁ ተበተኑ፤ በላይነሽ ሰበታ ሄደች፣ አንዳንዱ ገላን፣ አንዳንዱ ወደማይመለስበት። ድንቂቱ የሄደች ቀን ስለ ቤቷም ስለ ማሳዋም አላወራችም። ዕቃዋ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሳለ ተመልሳ ገብታ እጄን ያዘችኝና “ስልኩን እንዳታስቆርጪው” አለችኝ። ይኸው ነው ምክንያቴ። ለሰናይት ያልነገርኳት ይኼን ነው።

አሁን ወደ አበሳዬ ልምጣ። ሰናይት ገላን አንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ አሮጌ ኮምፒዩተሮቹን ሲሸኝ አንዱን ተሸክማ አመጣችልኝ፤ ዓይኔ ስለደከመ፣ የሞባይሉ ፊደል ጉንዳን ስለሚሆንብኝ፣ በትልቁ መስኮት እያየሁ ሰው እንድፈልግበት። የአድራሻ መዝገብ የሚሉትን ፕሮግራም ጫነችበት። ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ ይከፈትለታል፤ ስሙን ትጽፊያለሽ፣ ስልኩን ትጽፊያለሽ፣ ስትፈልጊ በስሙ ትጠሪዋለሽ፣ ከች ይላል አለችኝ። ያለፈውን ክረምት ሙሉ፣ ሞባይሌ ሳይሰረቅ በፊት፣ ከእሱ እየገለበጥኩ በአንድ ጣት ስለቅም ከረምኩ። የሚጠይቀው ነገር ብዛቱ! የቤተሰብ ስም ይላል፤ ድንቂቱ ምን የቤተሰብ ስም አላት፣ አባቷን ጻፍኩ። የመንገድ ስም ይላል፤ “ሱሉልታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ” ብዬ ጻፍኩ። ሞባይል ይላል፣ ሞባይሏን ጻፍኩ። የቤት ስልክ ይላል። እዚህ ጋ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ይኼን ሳላይ አውቀዋለሁ። የድንቂቱ የቤት ስልክ የኔ ስልክ ነው። የበላይነሽም የኔ ነው። የጋሽ ዘለቀም፣ የሁሉም፣ ሌላ ምን ነበራቸው? የሞተውንም ያለውንም አልለየሁም፤ ሰው ሞተ ተብሎ ከሰፈሩ አይሰረዝም ብዬ ሁሉንም ከነቤት ስልኩ፣ ማለትም ከኔ ስልክ ጋር፣ አስገባሁ።

አንድ ቀን ያ ኮምፒዩተር ተመሳሳይ ሰዎች አግኝቻለሁ፣ ላዋህዳቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰናይትን ደወልኩላት። ሥራ ላይ ነበረች፣ ከኋላዋ የጭነት መኪና ይንጓጓል። “እሺ በይው እማ፣ እያጸዳልሽ ነው” አለችኝ። እሺ አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ እናትና ልጅ አፍሰን መልቀሙም አልተሳካልንም።

ያን ረቡዕ ከቶላ ጋር ተነጋግሬ እንዳበቃሁ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩና ድንቂቱ ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልተገኘም አለኝ። ድንቄ አልኩ፣ እንደምንጠራት። ምንም። በአባቷ ስም ሞከርኩ፣ ምንም። በላይነሽ ብዬ ጻፍኩ፣ እሷም የለችም። ወይ ጉድ ብዬ ከላይ እስከ ታች ካርዶቹን አንድ በአንድ ማየት ያዝኩ። ዘመድ አለ፣ ቄሱ አሉ፣ ሐኪሙ አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛው አለ፤ የድሮው ሰፈር ግን ተጠራርጎ ጠፍቷል። ከታች ልደርስ ስል ጋሽ ዘለቀን አገኘሁት። ከፈትኩት። በስሙ ሥር የስልክ ቁጥር ተደርድሯል፣ ተደርድሯል፣ ወደ ታች ስገፋው አያልቅም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቤት ስልካቸው አንድ ስለሆነ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ፈርዶባቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ ስሙን ያስቀረለት ለጋሽ ዘለቀ ነው፤ ከማንም ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ላልተቀመጠው፣ ከሞተም ለቆየው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንዲህ ማለት መሆኑን አላውቅም ነበር። አድራሻውም የእሱ ብቻ ነው የቀረው፤ ወፍጮ ቤቱም፣ ሰበታም፣ የጻፍኩት ሁሉ የለም። ሰናይትን ደወልኩላትና ጮህኩባት። አልጠፋም እማ፣ አንድ ላይ ነው ያለው፣ እሑድ ማታ መጥቼ እለያቸዋለሁ አለችኝ። እሑድ ማታ ምን ያደርግልኛል? ቁጥሩ በእጄ አለ፣ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሰው እንግዲህ ለምን ወዲያው ሱሉልታ አልሄድሽም ይለኝ ይሆናል። በአገራችን እንደኔ ያለች አሮጊት፣ የድሮ ጎረቤት፣ ሳትጠራ ሳትነግር ነጠላዋን ለብሳ ደጅ ላይ ከቆመች አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ነው። በዚያ ላይ ልጇ የጠፋባት እናት ደጅ! ድንቂቱ ደግሞ የደም ግፊት አለባት፣ ባለፈው ዓመት ሰበታ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ራሷ ነግራኛለች። ገና ከበሩ ስታየኝ ልትሞትብኝ ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ በስልክ ድምፄን ሰምታ፣ ስቄ አጫውቻት፣ ቀስ ብዬ ልነግራት ይገባል። ለዚህ ነው ከጋሽ ዘለቀ ጋር ሁለት ቀን የታገልኩት።

ከላይ ጀምሬ መደወል ያዝኩ። የመጀመሪያውን አንድ ጎረምሳ አነሣው፤ ማን ልበል ስለው ማንን ፈለጉ ይለኛል፣ ማንን እንደምፈልግ ለመናገር ቁጥሩ የማን እንደነበር ማወቅ ነበረብኝ። የድሮ ጎረቤቴን አልኩት። “እማዬ፣ ይኼን ሲም ያወጣሁት ገና አምና ነው” አለኝ፣ በትሕትና። እንግዲህ ካርዱ ውስጥ ካሉት ሟቾች የአንዱ ቁጥር ለእሱ ደርሶታል ማለት ነው፤ ነፍስ ይማር ልበለው ዕድሜህ ይርዘም ልበለው ግራ ገባኝና ዘጋሁ። ሌላው አይሠራም። ሌላው ለጊዜው ማግኘት አይቻልም ይላል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም አይቻልም ይለኛል። ሐሙስን እንዲህ ዋልኩ። ጥርሴን ነክሼ ኮምፒዩተሩን በፎጣ ሸፈንኩት፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ገለጥኩት። አርብ አንዱን ብደውል “አቤት” ያለችኝን ድምፅ ወዲያው አወቅኋት። ክር የነከሰች ያህል ነው ዛሬም የምትናገረው። በላይነሽ ናት፣ ሰበታ።

በላይነሽ ዩኒፎርም ትታ መጋረጃ ነው የምትሰፋው፣ ዓይኗ ግን እንደኔው ደክሟል፣ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላት ሰው ትፈልጋለች። ሬዲዮውን አነሣን፣ ኮንጎ ጫማውን አነሣን፣ የጋሽ ዘለቀን የመስኮት ነገር ስናወራ ሳቅን። ሁላችንም ጋሽ ዘለቀ ሆነናል ስላት “እኔንስ ከእሱ ጋር ከሚያጋቡኝ ቢሰርዙኝ ይሻለኝ ነበር” አለችኝ። ቶላ ደወለ ስላት ግን አለቀሰች። የድንቂቱን ቁጥር ጠየቅኋት። የላትም። ነበራት፣ ግን ድንቂቱ ስልኳን ከዘጋችው ከርማለች፣ ልጇም ቤት ቀይራለች አለችኝ። “ጠዋት ጠዋት ወተት መረከቢያው ጋ አትጠፋም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሌላ አላውቅም” አለች። ለጊዜው ማግኘት አይቻልም ያለኝ ያ ቁጥር ማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ደውዬ ደውዬ ጣቴን የጨረስኩት ለተዘጋ ስልክ ነው። ከዚህ በኋላ መሄድ እንጂ ሌላ ምን ቀረኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣሁ። መርዶ ነጋሪ እንዳልመስል ብዬ ነጠላዬን ትቼ ሰናይት የሰጠችኝን አበባ ያለበት ሹራብ ለበስኩ፣ ከንፈሬን ቅባት ቀባሁ። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ መሀል ከተማ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግሮ የጎጃሙን መንገድ መያዝ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ከደቡብ የመጣች የግንባታ ሠራተኛ ነበረች፤ ሞባይሏን ከፍታ በጣቷ ላፍ ላፍ እያደረገች ስሙን ስትነካው ሰውየው ወዲያው አቤት ይላታል። ቀናሁባት። ሱሉልታ ስደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ለልምምድ የወጡ ሯጮች በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ሳይተነፍሱ የሚሄዱ ይመስላሉ። ወተት መረከቢያው ጋ ባልዲና ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሰላምታ ሰጠሁ፣ “አካም ጅርቱ፣ አዴ” አሉኝ፣ ፈያ ብዬ መለስኩ። ወይዘሮ ድንቂቱ የሚባሉ አልኳቸው። ተያዩ። ድንቂቱ የምትባል አናውቅም አሉኝ። የአባቷን ስም ጠራሁ፣ አያውቁም። ልቤ ቁርጥ አለ። እዚህም ካርዷ ጠፍቷል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ከቡራዩ የመጣች፣ ከሴት ልጇ ጋር የምትኖር፣ አረንጓዴ ሻሽ የምታስር ስላቸው ግን አንዷ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠችና “ሃደ ቶላን ነዋ የሚፈልጉት” አለችኝ። የቶላ እናት ማለት ነው። እዚያ አገር ከእህቱ በቀር ቶላን በዓይኑ ያየው አንድም ሰው የለም፣ እሷ ግን በሌላ ስም ተጠርታ አታውቅም።

ቤቱን አሳዩኝ። ድንቂቱ ግቢ ውስጥ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አንጥፋ ገብስ ታሰጣለች። ቀና አለችና አየችኝ። ሹራቡ ምንም አልሠራም። በእጇ የያዘችውን ገብስ መልሳ ጀንዲው ላይ አፈሰሰችው፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ማሰር ጀመረች። ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው ነው።

“በይ ንገሪኝ” አለችኝ። “የት ነው የቀበሩት?”

ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ያልኩት፣ ስቄ አጫውታታለሁ ያልኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የታመቀው ንዴት ወጣ። “ማንም አልሞተም! ፍቺው ይኼን ነጠላ። ደውሏል። ስልኩ ላይ ደውሏል” አልኳት።

አላመነችኝም። “ማን አነሣው?”

“እኔ ነኛ፣ የቤቱ ባለቤት እኔ አይደለሁ?”

“ምን አለሽ?”

“እናቴ አለች? አለኝ።”

ነጠላዋን የያዘው እጇ እዚያው ቆመ።  አጠገቧ ጀንዲው ላይ ተቀመጥኩ፣ ገብሱን ረግጬ። ከዚያ መቼ እንደደወለ ጠየቀችኝ፣ ረቡዕ አልኳት። “ረቡዕ ደውሎ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? እስከዛሬ ምን ታደርጊ ነበር?” ብላ ተቆጣችኝ። ምን ልበላት? ጋሽ ዘለቀን ስበረብር ነበር ልበላት? ሳቅኩ፣ እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መሳቅ ጀመረች፣ ለምን እንደምትስቅ ሳታውቅ።

የዚያኑ ቀን ይዣት ተመለስኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እግሯን ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች። በርጩማው ጣራ ሥር ዕቃ መሐል ነበር፣ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩላት። ዳንቴሉን አንሥቼ አጠፍኩት። እኔ አላስችል ብሎኝ መስመሩ መኖሩን ለመስማት መነጋገሪያውን አነሣ አስቀምጥ፣ አነሣ አስቀምጥ ስል “ተይው፣ ይይዝበታል” አለችኝ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ማስታወቂያ ብቻ ነው፣ ዘጋሁት። ያ ኮምፒዩተር ማዶ ፎጣውን ለብሶ ተቀምጧል፤ ሰናይት ማታ መጥታ ሰዎቹን ልትለያይ ነው። ቢለዩም ባይለዩም ያን ሰዓት ምን ገዶኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። አለፈ። እሷ ስልኩን አታየውም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን የኃይሉን ፎቶ ነው የምታየው። ይኼን ሁሉ ለፍቼ ደግሞ ለሌላ ዝምታ ይዣት መጣሁ እያልኩ ራሴን ስረግም ጮኸ።

እጇ አጠገቡ ነበር። አላነሣችውም። ወደኔ ዞረች። “አንቺ አንሺው” አለችኝ።

አነሣሁት። “እትዬ ዘነቡ፣ እናቴ አለች?” አለኝ። ከለመደው አፌ ቆይ ልጥራት የሚለው ቃል ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። “እዚሁ ናት” አልኩና መነጋገሪያውን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። እንደ ድሮው ልተዋቸው ብዬ ወደ ጓሮ በር ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ጎመን ከቀረ ቆይቷል፤ ሲሚንቶ ነው። በሩን ከኋላዬ ልዘጋ ስል ድምፅዋን ሰማሁ፤ በኦሮምኛ ነበር፣ ቀስ ብላ፣ እንደተቀየመ ሰው።

“ቶላ” አለችው፣ “ለቅዳሜ ብለኸኝ ነበር እኮ።”